ሳልበላ አድሬ ጠዋት ስኳሬ ለምን ይጨምራል?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ስኳር በሽታ ናቸው። ደጋግሜ ሳነባቸው ግን አብዛኞቹ ስሙን ሳይጠሩት የሚያወሩት ስለ ጉበት ነው። ስኳር ሲባል ሁላችንም ቆሽትን እናስባለን፣ የበላነውን እናስባለን፤ ጉበትን የሚያነሳው የለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከተነገረኝ አራት ዓመት ሆነኝ። እራት የምበላው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር በአፌ የሚዞር ነገር የለም። ትናንት ከመተኛቴ በፊት ስለካው 130 ነበር። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ስለካው 168 ሆኗል። ባለቤቴ «ሌሊት ተደብቀሽ ትበያለሽ» ይለኛል። እኔ አልበላሁም። ታዲያ ይሄ ስኳር ከየት መጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ አምንዎታለሁ። ይህን መልስ ለባለቤትዎም ያስነብቧቸው። ሌሊት ስኳሩን ያመጣው ጉበትዎ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአንድ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ ተጠራቅሞ ቢመዘን 5 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። አንጎል ደግሞ ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ ተኝተንም ቢሆን በሰዓት 5 ግራም ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ከወሰደን በአንድ ሰዓት ውስጥ ባለቀ ነበር። ግን አያልቅም። ጤነኛ ሰው ማታ በልቶ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ ስኳሩ 85 ወይም 90 ሆኖ ይገኛል። የጎደለውን ሌሊቱን ሙሉ ሲተካ ያደረው ጉበት ነው።

ጉበት ይህን የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጎተራው ነው። ከበላን በኋላ የተረፈውን ግሉኮስ አንዱን ከአንዱ አያይዞ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል። በደንብ የበላ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ ይገኛል፤ ሌሊት ይህን እየፈታ ወደ ደም ይለቃል። ሁለተኛውን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጉበት ስኳር ካልሆነ ነገር ስኳር ይሠራል! ከጡንቻ ከሚመጣ ላክቴት፣ ፕሮቲን ሲፈርስ ከሚወጡት አሚኖ አሲዶች፣ ስብ ሲፈታ ከሚገኘው ግሊሰሮል አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ሁለቱ ተደምረው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ጉበት በባዶ ሆድ በሰዓት 8 ግራም ገደማ ያወጣል። ጡንቻም ግላይኮጅን አለው፣ እንዲያውም ከጉበት የሚበልጥ። ነገር ግን ያከማቸውን ወደ ደም መልሶ ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሌለው ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል። ለሌላው የሚያካፍለው ጉበት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ክሎድ በርናር የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1848 ሥጋ ብቻ በሚበላ ውሻ ላይ ባደረገው ምርመራ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። በዚያን ጊዜ ስኳር መሥራት የሚችሉት ዕፅዋት ብቻ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1857 ደግሞ ግላይኮጅንን ራሱን ከጉበት ለይቶ አወጣ። እንግዲህ ሳይበሉ ስኳር መጨመር እንደሚቻል ከታወቀ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን እስከ ዛሬ ሰው በየቤቱ «ደብቀህ በልተሃል» እየተባለ ይወቀሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ኢንሱሊን እንምጣ። ኢንሱሊን ለጉበት ልጓም ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ በቀጥታ ወደ መላው ሰውነት አይበተንም፤ መጀመሪያ ከአንጀት የመጣውን ምግብ በሚያጓጉዘው የደም ሥር በኩል ጉበት ውስጥ ይገባል። ጉበት የሚደርሰው ኢንሱሊን ሌላው አካል ከሚያገኘው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ግማሽ ያህሉም እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል። ስንበላ ኢንሱሊኑ በብዛት ይመጣና ጉበትን «አሁን ስኳር መልቀቅህን አቁም፣ የገባውን አስቀምጥ» ይለዋል። ሳንበላ ስንቆይ ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ግሉካጎን የሚባለው ሌላው የቆሽት ሆርሞን ይነሳል፣ ጉበትም ጎተራውን ይከፍታል። ልብ ይበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ኢንሱሊን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጥቂቷ የሌሊት ኢንሱሊን ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይለቅ ይዛ ታድራለች።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሲመጣ ጉበት ይህን ትእዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ኢንሱሊኑ አለ፣ አንዳንዴም ከጤነኛ ሰው የበለጠ አለ፤ ጉበቱ ግን አይሰማውም። በዚያ ላይ ግሉካጎን መቀነስ ሲገባው አይቀንስም። ከሰውነት ስብ ደግሞ ፋቲ አሲድ ያለቅጥ እየተለቀቀ ጉበት ይደርሳል፣ እሱም አዲስ ስኳር ለመሥራት ጉልበት ይሆነዋል። ደሙ ስኳር ሞልቶት እያለ ጉበት እንደተራበ ሰው ስኳር ይሠራል። በሰዓት የሚያተርፈው ትንሽ ቢሆንም ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ተጠራቅሞ ጠዋት መለኪያው ላይ ይታያል።

ሌላም አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይጨምራሉ። ሁለቱም የኢንሱሊንን ሥራ የሚያዳክሙ ናቸው። ጤነኛ ሰው ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ያስተካክለዋል፣ ምንም አይታወቀውም። የስኳር ሕመምተኛ ግን ያችን ጭማሪ ማምጣት ያቅተዋል። የንጋት ስኳር የሚባለው ይኸው ነው።

ምን ያድርጉ? ለሦስት አራት ቀን ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ሲተኙ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሲነሱ። አውቃለሁ፣ በሌሊት መነሳት ይሰለቻል። ግን ለሐኪምዎ የዚህን ያህል የሚጠቅም ወረቀት የለም። በ9 ሰዓት ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ የንጋት ስኳር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ካደረ እራቱን ወይም የመድኃኒቱን መጠን ማየት ያስፈልጋል። በ9 ሰዓት ከ70 በታች ወርዶ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጠዋት ከፍ ብሎ ስላዩት ብቻ መድኃኒት በራስዎ አይጨምሩ።

ሌላው አደራዬ፣ ለመቀጣት ብለው እራት አይዝለሉ። ኢንሱሊን ወይም ያንን ኪኒን ለሚወስድ ሰው እራት መዝለል አደጋ አለው፤ በዚያ ላይ ጾምዎን ቢያድሩም ጉበትዎ መሥራቱን አያቆምም። ከእራት በኋላ ጥቂት በእግር መሄድ ግን ብዙ ሰው ላይ ለውጥ ያመጣል። ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሜትፎርሚን ኢንሱሊን እንደማይጨምር አነበብኩ። ታዲያ ምን ይሠራልኛል? ጣፋጭ ነገር ጨርሶ ስለተውኩ ኪኒኑንም ላቆመው አስቤ ነበር።

መልስ፦ አያቁሙት። ከላይ ያለውን መልስ ካነበቡ ግማሹን አግኝተውታል። ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው ጉበት ላይ ነው፤ ከስኳር ውጭ ካሉ ነገሮች አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሰዋል። ጣፋጭ መተውዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ከአፍ የሚገባውን በር ዘግተዋል። ከጉበት የሚወጣው በር ግን እንደተከፈተ ነው።

ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን ስለማያስመነጭ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ሆድ የሚረብሽዎት ከሆነ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነትም ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለዓመታት የሚወስዱት ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል፤ ስለዚህ እሱንና የኩላሊት ምርመራውን አልፎ አልፎ ማስታየት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አልኮል በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። በአልትራሳውንድ ግን ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ስኳር ተገኝቶብኛል። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ በደንብ ይገናኛሉ። ብዙዎቹ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ጉበታቸው ላይ ስብ አለ፣ ብዙዎቹም ጠጥተው አያውቁም።

ይህችን ነገር በዝግታ ያንብቧት፣ ለእኔ ከሁሉም የምትገርመኝ እሷ ናት። ኢንሱሊን ለጉበት ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል። አንዱ «ስኳር መሥራት አቁም» ነው። ሌላው «የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ለውጥ» ነው። የታመመው ጉበት የመጀመሪያውን አይሰማም፣ ሁለተኛውን ግን ይታዘዛል። ስኳሩ አልወርድ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ይጨምራል። የተጨመረው ኢንሱሊን ስኳሩን አያስቆምም፣ ስቡን ግን ያበዛዋል። ስቡ ሲበዛ ጉበት ይበልጥ አይሰማም፣ ቆሽትም ይበልጥ ይጨምራል፣ እንዲህ እየተዞረ ይኬዳል። አንድ ቀን ቆሽቱ ይደክማል። ስኳሩ ያን ጊዜ ነው በግልጽ የሚወጣው፤ ነገሩ የጀመረው ግን ከዓመታት በፊት ነው።

መልካሙ ነገር ይህ ክብ ሊሰበር መቻሉ ነው፣ መሰበሪያውም ጉበት ጋ ነው። ክብደት ሲቀንስ ቀድሞ ስብ ከሚወጣላቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው። ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ጉበት ላይ ያለውን ስብ በሚታይ ሁኔታ ያቃልላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ስኳር ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በክትትል በጣም የተቀነሰ ምግብ እየበሉ ክብደታቸውን ቀንሰው ነበር። ከዓመት በኋላ ግማሽ የሚጠጉት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆኗል። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ከ10 ሰው 9 የሚጠጉት። እርስዎ ገና አንደኛ ዓመትዎ ላይ ነዎት፤ ይህ ጊዜ ውድ ነው።

ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል አልልም። በሽታው በቆየ ቁጥር ቆሽቱ የመመለስ አቅሙ ይቀንሳል። ግን የስኳሩ ቁጥር ባይመለስ እንኳ የጉበቱ ስብ መቀነሱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ችላ የተባለ የጉበት ስብ ከጊዜ በኋላ ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል። ምግብ መቀነስ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሐኪምዎን ያማክሩ። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ ብቻ ቢቀንሱ ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር አለበት። ባለፈው ሳምንት አስመለሰው፣ ምንም አልበላ አለ። የቅርብ ሰዎች «ካልበላ ኢንሱሊን አትውጊው፣ ስኳሩ ይወርዳል» አሉኝ። ግራ ገብቶኝ አንድ ቀን ዘለልኩ። ስኳሩ ከ400 በላይ ሆነና ሆስፒታል ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። ሳይበላ እንዴት እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ እንኳን ተረፈልዎ። ራስዎን አይውቀሱ፤ የተሰጠዎት ምክር ብዙ ወላጅን ያሳስታል፣ ምክንያቱም ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ባይበላም ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥበትም። ይህን የሚያነብ ወላጅ ሁሉ ሌላውን ረስቶ ይህችን ብቻ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ምክንያቱ ያው ጉበት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ላይ ቆሽት ኢንሱሊን አያመነጭም ማለት ይቻላል። መርፌው ሲቀር ልጓሙ ጨርሶ ወለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ ልጅ ሲታመም አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይነሳሉ፣ ጉበቱን «ልቀቅ፣ ልቀቅ» ይሉታል። ስለዚህ ምግብ ሳይገባ ስኳሩ 400 ይደርሳል። ከስኳሩ የሚከፋው ግን ሌላው ነው። ኢንሱሊን የሌለው ሰውነት ስቡን ያለ ገደብ ይፈታል፣ ስቡ ጉበት ይደርሳል፣ ጉበትም ኪቶን ያደርገዋል። ኪቶን ሲበዛ ደሙ አሲድ ይሆናል። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ እየደከመው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ይህ ሕይወት የሚቀጥፍ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት እነዚህ ልጆች የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነበር። በዚያ ዓመት በጥር ወር ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ።

ወደፊት ልጅዎ ሲታመም ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ይቀጥላል። መጠኑ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል፣ እሱን ከሐኪሙ ጋር በስልክም ቢሆን ይወስኑ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ስኳሩን ይለኩ፤ ኪቶንም በሽንት ወይም በደም ይመርምሩ። ውሃ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ደጋግመው ይስጡት። ስኳሩ ዝቅ ብሎ ምግብ እምቢ ካለ ስኳር ያለበት መጠጥ በትንሽ በትንሹ ይቻላል፤ ዓላማው ኢንሱሊኑን መቀጠል እንዲቻል ነው። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ኪቶን ከጨመረ፣ አተነፋፈሱ ከተለወጠ ወይም ከደነዘዘ አይጠብቁ፣ ይዘውት ይሂዱ። ልጁ ደህና ሳለ ደግሞ ሐኪሙ የሕመም ቀን መመሪያውን በወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁና ሁሉም የቤት ሰው የሚያየው ቦታ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። በአንድ ግብዣ ላይ ሳልበላ ጠጣሁ። ልተኛ ስል ስኳሬ 140 ነበር፣ አገር ሰላም ብዬ ተኛሁ። ንጋት ላይ ራሴን ስቼ አገኙኝ። ጓደኛዬ ግሉካጎን ወጋኝ፣ ግን አልነቃሁም፤ የነቃሁት ሆስፒታል ውስጥ ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጠኝ ነው። መርፌው ተበላሽቶ ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መርፌው ደህና ሊሆን ይችላል። ባዶ የነበረው ጎተራህ ነው።

አልኮል ሰውነትህ ሲገባ ጉበት እሱን ለማጣራት ይጠመዳል። በዚያ ጊዜ ከሌላ ነገር አዲስ ስኳር መሥራት አይችልም። የቀረህ የተከማቸው ግላይኮጅን ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ ሳትበላ ነበር የቆየኸው። እሱ ሲያልቅ የወጋኸው ኢንሱሊን ሥራውን አላቆመም፣ የሚተካ ስኳር ግን የለም። ይህ የሚሆነው ከጠጣህ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልትተኛ ስትል ያየኸው 140 አታሎሃል። ግሉካጎን የሚሠራው ጉበት ውስጥ የተከማቸውን በማስለቀቅ ነው። የተከማቸ ከሌለ የሚለቀው ነገር የለም።

ጓደኛህ ግን ትክክል ነው የሠራው፤ አመስግነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ በጎኑ ይተኛል፣ ግሉካጎን ካለ ይወጋል፣ እርዳታ ይጠራል። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ደግሞ 15 ግራም ያህል ስኳር ይሰጠዋል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፣ ከ70 ካልወጣ ይደገማል።

ባትጠጣ እመርጣለሁ፣ እሱን በግልጽ ልንገርህ። ከጠጣህ ግን ምግብ ሳትበላ አይሁን፣ ሳትለካና ሳትበላ አትተኛ፣ ሌሊት ለመለካት ማንቂያ ሙላ፣ አብሮህ ያለ ሰው ኢንሱሊን እንደምትወጋ ይወቅ። ስኳር የወረደበት ሰው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል። ያየው ሁሉ «ሰክሯል፣ ይተኛ» ብሎ ነው የሚተወው።

ጥያቄ፦ የምወጋው ኢንሱሊን ጤነኛ ሰው ቆሽቱ ከሚያመነጨው ጋር አንድ ነው? አንድ ከሆነ ለምን እንደ ጤነኛ አልሆንም?

መልስ፦ ኢንሱሊኑ አንድ ነው ወይም በጣም የተቀራረበ ነው፤ የሚለየው መንገዱ ነው። የቆሽት ኢንሱሊን በቀጥታ ጉበት ይገባል ብለናል። መርፌው ግን ከቆዳ ሥር ተነስቶ በመላው ሰውነት ይሰራጫል፣ ጉበት የሚደርሰው ከሌላው አካል ጋር ተካፍሎ ነው። ጉበትን በበቂ ለመያዝ የሚያስፈልገው መጠን ለጡንቻ ይበዛበታል፣ ለጡንቻ የሚበቃው ደግሞ ለጉበት ያንሰዋል። ሲወርድብዎትና ሲወጣብዎት የሚውለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁልጊዜ የእርስዎ ስንፍና አድርገው አይዩት። ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን መጠን ስታስተካክሉ ሐኪምዎ ስለ ምሳ ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ቁጥር የሚጠይቁዎት ለዚህ ነው፦ በደህና ቁጥር ተኝተው ሳይበሉ በዚያው አካባቢ ከነቁ መጠኑ ለጉበትዎ ልክ ነው።